ለቅዱሳን ስለሚሆነው መዋጮ

2ኛ ቆሮንቶስ 8፥16–21

ብዙ ኢትዮጵያውያን በስደት ይኖሩባት በነበረችው በካርቱም ከተማ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነት ተነሣ። መሥሪያ ቤት በተዘጋበት፥ ገበያም በተዘረፈበት ሰፈር ወጣቶች ተሰብስበው ድስት ጣዱ፤ ፉልና ምስር ቀቅለው ጎረቤቶቻቸውን አበሉ። እኛ ደቦ የምንለውን ሱዳኖች ነፊር ይሉታል፤ ሥራው ከዚያ ልማድ የተወለደ ነው። ማኅበራቸውንም የአስቸኳይ ጊዜ ምላሽ ክፍሎች ብለው ሰየሙት።

በውጭ አገር ያሉ ልጆቻቸው በስልክ ገንዘብ ይልኩላቸው ነበር። ኋላ ትልልቅ ለጋሾች መጡ፤ ከእነርሱም አንዱ የአሜሪካ መንግሥት ነበረ። በጥር 2017 ዓ.ም. ግን ያ መንግሥት የውጭ እርዳታውን በድንገት አቋረጠ፤ በሱዳን ሁሉ ከ1,100 የሚበልጡ የማዕድ ቤቶች እንደ ተዘጉ በዚያው ሰሞን ተነገረ። ሳሕን ይዞ የቆመ ሕፃን የዋሽንግተንን ውሳኔ ከየት ያውቃል?

ወቀሳውን ለሌሎች ትተን፥ ሐዋርያው ጳውሎስ በኢየሩሳሌም ለነበሩ ድሆች እንዴት እንደ ሰበሰበ እንመልከት። በአንድ ባለጠጋ አልታመነም፤ ከገላትያ፥ ከመቄዶንያና ከአካይያ ለመነ፤ መቄዶንያም ራስዋ እጅግ ድሃ ነበረች። የቆሮንቶስን ሰዎች እንኳ በየሳምንቱ መጀመሪያ ቀን እያንዳንዱ በቤቱ እንዲያስቀምጥ አዘዛቸው እንጂ፥ እኔ በመጣሁ ጊዜ ሰብስቡ አላላቸውም።

ገንዘቡንም ብቻውን አልያዘም። እርሱን ማን ይጠረጥረው ነበር? ይሁን እንጂ ቲቶንና አብያተ ክርስቲያናት የመረጡትን ወንድም ጨመረበት፤ በሰውም ፊት ነቀፋ እንዳይገኝ አስቦ ነው። የካርቱም ወጣቶችም የሽንኩርቱንና የዘይቱን ደረሰኝ ያኖራሉ፤ ስንት ሰው እንደ በላ ጽፈው ለሰጪዎች ይልካሉ። ከመካከላቸው በተዋጊዎች የታሰሩና የተገደሉ ስላሉ፥ የበላተኞችን ስም ግን ለሁሉ አይገልጡም። ሰጪውም ይህን ሊታገሥ ይገባል ብለን እናምናለን፤ ቁጥሩን ይጠይቅ፥ ስሙን ይተው።

ጳውሎስ ሌላም ጭንቀት ነበረበት። ለሮሜ ሰዎች ሲጽፍ (15፥31) የሚወስደው ስጦታ በኢየሩሳሌም ቅዱሳን ዘንድ የተወደደ ይሆን ዘንድ እንዲጸልዩለት ለመናቸው። እንጀራውን ተሸክሞ የሚሄደው እርሱ ነው፤ ይቀበሉኝ ይሆን ብሎ የሚፈራውም እርሱ ነው።