ዝም ያለው ማን ነው?

አንድ ነገር ድምፅ ሲያጣ ጥፋቱን መፈለግ የምንጀምረው ከየት ነው? ከተናጋሪው ነው ወይስ ከሰሚዎቹ ከእኛ? ይህ ጥያቄ ለፈላስፎች ብቻ የተተወ አይደለም። ሬዲዮና ሞባይል ጠግነው የሚያድሩ ወንድሞቻችን በየቀኑ የሚገጥማቸው የሥራ ጥያቄ ነው። ስለዚህ ዛሬ ከእነርሱ ሙያ፣ ይኸውም ከአሮጌ የቤት ጌም ጥገና፣ ምሳሌ ወስደን ልንመረምረው ወደድን።

ኒንቴንዶ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ፋሚኮም የሚባለውን የቤት ጌም ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው። ቅጂዎቹ በእስያና በአፍሪካ ተዛመቱ፤ ከመካከላችን ብዙዎች ባለ ኮፍያውን ማሪዮን ያወቁት በእነዚሁ ቅጂዎች ነው። እንዲህ ያለው ጌም ከቴሌቪዥን ጋር ሲገጠም አንዳንድ ጊዜ ሥዕሉ ጥርት ብሎ ይመጣል። ማሪዮ ይሮጣል፣ ይዘላል። ነገር ግን ሽሽሽ ከሚል ጩኸት በቀር ድምፅ የለም።

ችኩል ጠጋኝ ወዲያው ካቻቢቴውን ያነሣል። ልምድ ያለው ግን አስቀድሞ ቴሌቪዥኑን ይመረምራል። በአንቴና ገመድ የሚመጣው ድምፅ ከሥዕሉ ሞገድ በተወሰነ ርቀት፣ በራሱ ሞገድ ላይ ተጭኖ ይጓዛልና። በአናሎግ ዘመን ይህ ርቀት በጃፓንና በአሜሪካ 4.5፣ በኢትዮጵያና በኬንያ 5.5፣ በደቡብ አፍሪካ 6፣ በቻይና 6.5 ሜጋኸርዝ ነበር። እንግዲህ ጌሙ በ6.5 እየዘፈነ ቴሌቪዥኑ በ5.5 ጆሮውን ቢያቆም ምን ሊሰማ ነው? መድኃኒቱ በብዙ ቴሌቪዥኖች ላይ ከ«ቢ/ጂ» ወደ «ዲ/ኬ» ማዞር ብቻ ነው። ጤነኛው ዕቃ ግን ዲዳ ተብሎ ተፈትቶ፣ በመበየጃ ተቃጥሎ፣ በእርግጥ ዲዳ ሆኖ ሊቀር ይችላል።

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይላሉ አበው። ሰው ስለ ራሱ የሚባለውን አይሰማም ለማለት ነው። እኛም እንጨምርበታለን፤ ሰው የገዛ ጆሮው በየትኛው ሞገድ ላይ እንደ ቆመም አያውቅም።

ሆኖም «ጥፋቱ ምንጊዜም የሰሚው ነው» ብሎ መደምደም ሌላ ስንፍና ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው ፒሲ ኢንጅን ዱኦ ሲያረጅ ድምፁ እየሰለለ ይሄዳል። በውስጡ ያሉት ጥቃቅን ካፓሲተሮች ፈሳሻቸውን ያንጠባጥባሉ፤ ፈሳሹም የቦርዱን የመዳብ መስመር ይበላል። ቴሌቪዥኑን ሺህ ጊዜ ቢያዞሩት አይፈወስም። እዚህ ላይ ትዕግሥት የሚመስለው ነገር ቸልተኝነት ነው፤ በዘገየን ቁጥር የሚተርፈው ያንሳል።

ይህ ሁሉ ስለ ዕቃ ብቻ አይደለም። ከጁባ ወጣ ብላ በምትገኘው በጎሮም ብዙ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች አሉ፤ አብዛኞቹ ከጋምቤላ የመጡ አኝዋኮች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2023 የሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ደግሞ ሱዳናውያን ተጨምረዋል። በስብሰባ ላይ አንዱ በአማርኛ፣ ሌላው በአኝዋክኛ፣ ሌላው በጁባ ዓረብኛ ያስባል። ዝም ብሎ የተቀመጠውን ሰው ፊቱን እናያለን፤ ድምፁን ግን አንሰማም። ከዚያም «አያውቅም» ወይም «ኩራተኛ ነው» ብለን እንፈርድበታለን። የእርሱን ቋንቋ የሚያውቅ አንድ ሰው አጠገቡ አስቀምጠን ብንጠይቀውስ?

ትናንት ሲጫወት የነበረ ጎረቤት ዛሬ በገዛ ቋንቋው ዝም ካለ ግን ነገሩ ሌላ ነው። «ጠባዩ ነው፣ ተዉት» ማለት አክብሮት አይደለም። በውስጡ የሚንጠባጠብ ነገር እንዳለ መጠርጠር አለብን።

ስለዚህ በእኛ አስተያየት ቁም ነገሩ ቅደም ተከተሉ ነው። በመጀመሪያ የራሳችንን ጆሮ እናዙር፤ ይህ ወጪ የለውም፣ ማንንም አያቆስልም። ያ ካልበቃ ወደ ውስጥ እንቅረብ። ነገር ግን ጌም ሲከፈት ፈቃዱ አይጠየቅም፤ ሰው ይጠየቃል። የጠጋኙ ምሳሌ የሚያበቃውም እዚህ ላይ ነው።

አንድ ሐሳብ አለን። በሚቀጥለው የንባብ ምሽት አማርኛ የማይቀናቸው ወገኖች በየቋንቋቸው ያንብቡ፤ አስተርጓሚም አጠገባቸው ይቀመጥ። ምሽቱ ይረዝም ይሆናል። እስከ ዛሬ ያጠረው ግን እነርሱ ሳይሰሙ ነው።