«እሺ» ያለው ልጅ

«እሺ ይበልጣል ከሺህ» የሚለውን አባባል ሳይሰማ ያደገ ተማሪ በመካከላችን ይኖራል ብለን አንገምትም። ውሃ አቅርብ ሲባል እሺ፣ የእንግዳ እግር እጠብ ሲባል እሺ፣ ዝም በል ሲባል እሺ፤ ከዚያም አንድ ቀን ሕክምና ግባ ሲባል እሺ። እሺ ባይ ልጅ ይመረቃል፣ ይሳማል፣ ለጎረቤት ልጅ ምሳሌ ሆኖ ይጠቀሳል። እምቢ ባዩም ስሙ የታወቀ ነው፤ «ያልተቀጣ» ይባላል። ለመሆኑ ይኸ እሺታ ጥበብ ነው ወይስ ልማድ? መታዘዝ ወደ ጥበብ የሚያደርስ መንገድ ነው ወይስ ጥበብ የሚጀምረው መታዘዝ ካበቃበት ቦታ ነው? ጥያቄውን ከመጽሐፍ ቅዱስ አንጻር ልናየው አስበናል፤ በየቤታችን ልጅ ሲመከርም ሲገረፍም የሚጠቀሰው እሱ ነውና።

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 21 ካለችው አጭር ምሳሌ እንነሣ። አንድ አባት ሁለት ልጆች ነበሩት። አንደኛውን ሂድና በወይኑ ቦታ ሥራ ቢለው አልሄድም አለ፤ ኋላ ግን ተጸጽቶ ሄደ። ሁለተኛው በትሕትና እሺ ጌታዬ አለ፤ ሳይሄድ ቀረ። የአባቱን ፈቃድ የፈጸመው ማንኛቸው ነው ተብለው የተጠየቁት ሰዎች የፊተኛው ነው ሲሉ መለሱ። በእኛ ቤት ቢሆን መልሱ እንዲህ የሚቀል አይመስለንም። እምቢታው እንግዳ በተቀመጠበት የተነገረ እንደሆነማ አባትየው የሚያስታውሰው የልጁን ሥራ ሳይሆን የልጁን አፍ ነው። የወይኑ ቦታ ተኰትኩቶ ቢያድርም «ፊቴ ላይ እምቢ አለኝ» የሚለው ቂም አብሮ ያድራል። እሺ ብሎ ለቀረው ግን «ምናልባት አሞት ይሆናል» የሚል ጠበቃ አይጠፋም። ወንጌሉ የጠየቀው ስለ ሥራው ነው፤ እኛ የምንጠይቀው ስለ ቃሉ ነው።

አሁን ደግሞ ቃላቱን እንመርምር። አማርኛችን ታዛዡን ልጅ «የሚሰማ» ይለዋል፤ አስቸጋሪውን «አልሰማ ያለ»። ይህ የእኛ ብቻ አይደለም። በዕብራይስጡም መታዘዝ የሚነገረው በመስማት ነው፤ ግሱ «ሸማዕ» ከግእዙ «ሰምዐ» ጋር የአንድ ሥር ልጅ ነው። መጽሐፈ ምሳሌም ከመግቢያው ቀጥሎ ልጁን የሚጠራው የአባቱን ምክርና የእናቱን ትምህርት እንዲሰማ ነው። እስከዚህ ድረስ ነገሩ ከቤታችን ደጃፍ ያልወጣ ይመስላል። ነገር ግን በአንደኛ ነገሥት ምዕራፍ 3 ሰሎሞን በገባዖን ምን ልስጥህ ሲባል ምን ለመነ? ጥበብን ለመነ እንላለን። የዕብራይስጡ ቃል በቀጥታ ቢፈታ ግን የለመነው «የሚሰማ ልብ» ነው። ልብ በሉ፤ ከልጅ የሚጠበቀው ያው መስማት ከንጉሥም ተጠበቀ ማለት ነው። ንጉሥ ደግሞ ማንን ይሰማል? ወዲያው ቀጥሎ የቀረበለት ሙግት ስማቸው እንኳ ያልተጻፈ፣ ምስክር የሌላቸው፣ ሕዝብ የሚንቃቸው የሁለት ሴቶች ሙግት ነው። የጥበቡ የመጀመሪያ ፈተና እነሱን መስማት ሆነ። እንግዲህ መስማት ከታች ወደ ላይ ብቻ የሚወጣ ግብር አይደለም።

ካህኑ ዔሊን ያየን እንደሆነ ነገሩ ይበልጥ ይጠናል። ልጆቹ አፍኒንና ፊንሐስ የመሥዋዕቱን ሥጋ በጉልበት ይወስዱ ነበር፤ በመገናኛው ድንኳን ደጅ ከሚያገለግሉ ሴቶችም ጋር ይተኙ ነበር። ዔሊ ገሠጻቸው፤ የገሠጻቸው ግን እጅግ ካረጀ በኋላ ነው፣ ከሥልጣናቸውም አላወረዳቸውም። እኛም ይህን የሚመስል ተረት አለን። እንቁላል ሰርቆ ሲመጣ እናቱ ዝም ያለችው ልጅ ከእንቁላል ወደ በሬ አድጎ ለሞት ሲነዳ «በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ» ያላትን ማለታችን ነው። ተረቱ የሚነገረው ሁልጊዜ ወላጅ እንዲቀጣ ለማሳሰብ ነው፤ ትክክልም ነው። የዔሊ ታሪክ ግን በዚህ አያበቃም። በዚያው ቤት ሳሙኤል የሚባል የሰው ልጅ ተኝቷል። ሌሊት የተጠራው ካህኑ ሳይሆን ብላቴናው ነው። የጠራው ማን እንደሆነ ያስረዳው፣ ምን ብሎ እንደሚመልስም ያስተማረው ዔሊ ነው። በነጋ ጊዜ ብላቴናው የሰማው ነገር በዔሊ ቤት ላይ የተቈረጠ ፍርድ ስለ ነበረ መናገር ፈራ። ዔሊ ግን አንዳች ሳትደብቅ ንገረኝ ብሎ አማለው፤ ሰምቶም ተቀበለ። የገዛ ልጆቹን ማሰማት ያልቻለ ሽማግሌ ከሰው ልጅ አፍ የራሱን ጥፋት መስማት ቻለ። እኛ በዚህ ሰው ላይ ቶሎ መፍረድ አልሆነልንም።

ሳሙኤልስ? ይኸን ሁሉ አይቶ ያደገው ሳሙኤል ባረጀ ጊዜ በቤርሳቤህ ፈራጆች አድርጎ የሾማቸው ልጆቹ ጉቦ በሉ። መጽሐፉ ይህን ይጽፋል፤ ሳሙኤል አሳደጋቸው አበላሻቸው አይልም። መልካም አባት መልካም ልጅ ያፈራል የሚለው ሒሳብ በብሉይ ኪዳን እንኳ ብዙ ጊዜ አይሠራም።

ከመካከላችን አባቱ በመረጡለት የትምህርት ክፍል ሦስተኛ ዓመቱን የያዘ አንድ ጓደኛ አለን። ቀን ቀን የተባለውን ይማራል፤ ማታ ማታ ከእኛ ጋር ስለ ልቦለድ ይከራከራል። ለዕረፍት ሲሄድ «ትምህርት እንዴት ነው?» ይባላል፤ «ጥሩ ነው አባባ» ይላል። ይህ ልጅ ወደ ወይኑ ቦታ ሄዷል ወይስ አልሄደም? እግሩስ ሄዷል። አባትየው ግን ክፉ ሰው አይደሉም። በሬያቸውን ሸጠው ያስተማሩት ከራሳቸው የተሻለ ኑሮ እንዲኖር ብለው ነው፤ የልጃቸውን ልብ የሚያውቁበት ቃል ከእሺ በቀር አልደረሳቸውም። እውነቱን እንናገር ካልን እንዲህ ያለው እሺታ አባትን ማታለል ነው፤ ከእምቢታ ይልቅ ንቀት ያለበት ይመስለናል፤ እውነቱን ሊሸከሙ አይችሉም ብሎ አስቀድሞ መፍረድ ነውና።

«አባትህንና እናትህን አክብር ተብሏልሳ?» የሚለን አይጠፋም። ተብሏል። ይሁንና ከዐሠርቱ ቃላት አንዱ የሆነው ይህ ትእዛዝ የሚለው አክብር ነው እንጂ ታዘዝ አይደለም። ለማክበር የገባው የዕብራይስጥ ቃል ከክብደት የወጣ ነው፤ እኛም «ከበደ» የምንለው ከዚያው ሥር ነው። አባትህን አክብደው፣ አታቅልለው እንደ ማለት ነው። አንድን ነገር የሚያከብድ ሰው ይመዝነዋል፤ ሳይመዝን የሚያነሣ ተሸካሚ ብቻ ነው። ደግሞም ትእዛዙ የተሰጠው ለሕፃናት ብቻ ሳይሆን በሲና ሥር ለቆመ ጎልማሳ ሕዝብ ነው። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ኢየሱስ ፈሪሳውያንን የወቀሰው ለአባትና ለእናት የሚገባውን ርዳታ ቍርባን ነው እያሉ የሚያስቀሩበትን ወግ አንሥቶ ነው። እዚያ ላይ ማክበር ማለት መጦር ነው። ይህ እኛን ይነካናል፤ ተመርቀን ሥራ ስንይዝ የመጀመሪያው ደመወዝ ወዴት እንደሚሄድ የምናውቅ እናውቀዋለን።

የኤፌሶን መልእክት ምዕራፍ 6ም እንዲሁ በግማሽ ይጠቀሳል። ልጆች ለወላጆቻቸው እንዲታዘዙ የሚለውን ቍጥር አንድን ሁሉም በቃሉ ያውቀዋል። አባቶች ልጆቻቸውን እንዳያስቈጡ የሚከለክለው ቍጥር አራት ላይ ሲደርስ ግን መጽሐፉ ይዘጋል፤ ወይም ሽንኩርት መላጥ ይጀመራል።

ስለ በትርም መናገር ሊኖርብን ነው። መጽሐፈ ምሳሌ በትሩን የሚሰስት ልጁን ይጠላል የሚል ሐሳብ አለው፤ ይህን ልናለሳልሰው አንሻም። አንዳንድ ሰባክያን በትሩ የእረኛ በትር ነው፣ ለመምራት እንጂ ለመምታት አይደለም ይላሉ። ቃሉ በርግጥ የእረኛንም የንጉሥንም በትር ያመለክታል፤ ምዕራፍ 23 ግን መምታትን በግልጥ ስለሚናገር ይህ ማምለጫ አያስኬድም። ያም ሆኖ ያው መጽሐፍ በምዕራፍ 17 ለአስተዋይ አንድ ተግሣጽ ለሰነፍ ከሚሰጥ መቶ ግርፋት ይልቅ ጠልቆ እንደሚገባ ይናገራል። እንግዲህ የሚገረፈው ልጅ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ በመገረፉ ብቻ አይታወቅም። ያገራችን ሕግም መሐል ላይ የቆመ ይመስላል፦ በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣት ነጻ እንዲሆኑ ይደነግጋል፤ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ደግሞ ከልክ ያላለፈ የማረም መብትን ይቀበላል። ልኩን የሚለካው ማን ነው? ልምጩን የያዘው ራሱ።

አንዳንዶቻችን ዶርም ውስጥ በየማታው ከመጽሐፈ ምሳሌ አንዳንድ ምዕራፍ ማንበብ ለምደናል። መጽሐፉ 31 ምዕራፍ ስላለው ፈረንጆቹ በወሩ ቀን ልክ ያነቡታል። የእኛ ወር 30 ቀን ነው። ስለዚህ በቀን አንድ ብሎ የጀመረ ሰው መጨረሻው ምዕራፍ ላይ ሳይደርስ አዲስ ወር ይገባበታል፤ ጳጉሜን ካልደረሰችለት በቀር። ይኸ የሚቀረው ምዕራፍ የማን ይመስላችኋል? የእናት ነው። ንጉሥ ልሙኤልን እናቱ ያስተማረችው ቃል። በግእዙ አከፋፈል መጽሐፉ ለሁለት ተከፍሎ የመጀመሪያው 24 ምዕራፍ ምሳሌ፣ ቀሪው ሰባት ተግሣጽ ስለሚባል የእናትየዋ ቃል ያለው በተግሣጽ ውስጥ ነው። ተግሣጽ ሲባል ዝም በል የሚል ቁጣ ይጠብቃል ሰው። እሷ ግን ልጇን ከመጠጥ ከከለከለችው በኋላ ያዘዘችው አፉን እንዲከፍት ነው፤ መናገር ስለማይችለው፣ ስለ ድኻውና ስለ ችግረኛው እንዲሟገት። «ትልቅ ሰው ሲናገር ዝም በል» እየተባለ ያደገ ልጅ በሃያ ዓመቱ በድንገት ለድኻ የሚሟገት አፍ ከየት ያመጣል? አፍ እንደ እጅ ነው፤ ካልለመደ አይታዘዝም።

ምሳሌዎቹ የተጻፉበት የሰሎሞን ስም ራሱ የሚያስተዛዝብ ነገር አለው። ልጁ ሮብዓም በነገሠ ጊዜ ሕዝቡ አባትህ ያከበደብንን ቀንበር አቅልልልን አለው። ሽማግሌዎቹ ዛሬ ለዚህ ሕዝብ አገልጋይ ብትሆን ለዘላለም ያገለግልሃል ብለው መከሩት። እሱ ግን አብሮ አደጎቹን ሰማ፤ ከአባቴ እብሳለሁ ብሎ ፎከረ፤ ዐሥሩ ነገድ ከእጁ ወጣ። ይህ ታሪክ ወጣት ሽማግሌን ካልሰማ እንዲህ ይሆናል እየተባለ ይነገረናል። ሮብዓም ግን ሲነግሥ የ41 ዓመት ሰው ነበር፤ አብሮ አደጎቹም እኩዮቹ ናቸውና ወጣትነታቸው እስከዚህም ነው። ሽማግሌዎቹስ ያሉት ምን ነበር? የበታቾችህን ስማ ነው። የሕዝቡን ጀርባ ያጐበጠው ቀንበር ደግሞ የጥበበኛው የሰሎሞን ቀንበር ነው። ልጁ ከአባቱ የወረሰው ምሳሌዎቹን ሳይሆን ጅራፉን ሆነ። በክብረ ነገሥት የምናገኘው ሌላው ልጅ ቀዳማዊ ምኒልክ ደግሞ ከእኔ ጋር ቅር ያለውን አባቱን እምቢ ብሎ ወደ እናቱ አገር ተመለሰ፤ ያን እምቢታ ያገራችን ሰው በደስታ ሲተርከው ኖሯል።

አብርሃምንና ይስሐቅን ለምን ዘለላችሁ የምትሉን አላችሁ። የዴንማርኩ ኪርከጋርድ በ1843 እ.ኤ.አ. ሙሉ መጽሐፍ የጻፈበትን ጉዳይ በዚህች ገጽ አንሞክረውም። የፈርዖንን ልጅ ግን አንርሳት፤ ወንድ ሕፃን ሁሉ ወንዝ ይጣል የሚል የአባቷን ዐዋጅ እያወቀች ሙሴን ከወንዝ ያወጣች ሴት ናት።

ሁላችንንም እስከ እኩለ ሌሊት ያከራከረን ዮናታን ነው። አባቱ ሳኦል ዳዊትን ሊገድል ሲፈልግ ምን አደረገ ብሎ ጠየቀው፤ ሳኦል በልጁ ላይ ጦር ወረወረ። ዮናታን አልታዘዘም፤ ወዳጁን አስመለጠ። ከዳዊት ጋር ግን አልሄደም፤ ወደ ከተማ ተመለሰ፤ በጊልቦዓ ተራራም በአባቱ ሠራዊት ውስጥ ተዋግቶ ሞተ። አንዱ ጓደኛችን ይኸ ግማሽ ድፍረት ነው፣ ጨካኝ አባትን እስከ ሞት መከተል ምን ይሉታል አለ። ሌላዋ ደግሞ አንድን ትእዛዝ እምቢ ማለትና አባትን መተው ሁለት ነገር ነው፣ ዮናታን ልዩነቱን ያወቀ ሰው ነው ስትል ሞገተች። አልተስማማንም። ሳኦል በየበረሃው ያሳደደው ዳዊት ግን፣ በሁለተኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 1 እንደምናነበው፣ መርዶው ሲደርሰው ሙሾ ያወጣው ለአባትና ለልጅ በአንድነት ነው።