አጥሩ ሲከፈት

ያደግሁት ቢሾፍቱ ነው፤ ከአየር ኃይሉ አጥር ማዶ። በ1991 ዓ.ም. ጦርነቱ ጊዜ ጄት ሲነሳ እኛ ልጆች እናጨበጭባለን፤ እናቴ ግን ትቆጥራለች። ስንት ሄደ? ስንት ተመለሰ?

አሁን የምኖረው ሳንዲያጎ ነው። እዚህም ከውኃው ማዶ አጥር አለ፤ የኮሮናዶ የባሕር ኃይል ሰፈር። ናስካር የአሜሪካ ባሕር ኃይልን 250ኛ ዓመት ምክንያት አድርጎ፣ ከጁን 19 እስከ 21፣ 2026 ግቢው ውስጥ የመኪና እሽቅድድም እንደሚያካሂድ ሲያሳውቅ ደስ አለኝ። 5.5 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ 16 መታጠፊያ፤ ለጊዜው ተተክሎ የሚነሳ። መኪና እወዳለሁ። ከዚያ ደግሞ አፈርኩ። የጦር ሰፈርን መዝናኛ ማድረግ ጦርነትን ማሳመር አይደለም ወይ?

ጥያቄው አዲስ አይደለም። ከ1952 እስከ 1954 ጄኔራል ከርቲስ ለሜይ የቦምብ ጣይ አውሮፕላኖችን ሰፈሮች ለስፖርት መኪና ውድድር ከፍቶ ነበር። ገቢው ለወታደሮቹ ኑሮ ማሻሻያ ቢውልም፣ የሕዝብ ንብረት ለዚህ ይዋል ወይ የሚል ተቃውሞ ከኮንግረስ ተነሳና ቀረ።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን ንብረቱ አይደለም። ሹፌሩ ግድግዳውን ታክኮ ሲያልፍ ሊሞት እንደሚችል ያውቃል። ካልፈለገ ግን መኪናውን አቁሞ ይወርዳል። ወታደሩስ? ‹‹ዛሬስ ይቅርብኝ›› ማለት አይችልም። ጨዋታን ጨዋታ የሚያደርገው መውጫው ይመስለኛል። መውጫ ያለውን አደጋ መውጫ የሌለው አደጋ ግቢ ውስጥ ስናየው፣ ሁለቱ አንድ ይመስሉናል። ፍርሃቴ ይሄ ነው።

ይህንኑ ለአክስቴ ልጅ ነገርኳት። ባሕር ኃይል ውስጥ ሜካኒክ ናት። ሳቀችብኝ።

‹‹አንተ ደግሞ ታበዛዋለህ! ሰው እኛን የሚያስታውሰው ወይ ጦርነት ሲነሳ ወይ ሬሳ ሲመጣ ነው። ሦስት ቀን ‘ግቡ፣ እዩን’ ብንል ምን አለበት?››

መልስ አጣሁ። ልጅ ሆኜ ያጨበጨብኩት ለጄቱ ነው፤ ውስጡ ሰው እንዳለ ትዝ ብሎኝም አያውቅ። እናቴ ግን አንድም ቀን ከአጥሩ ሳትገባ ሰውየውን ታስበው ነበር። ለካ ነገሩ በሩ መከፈቱ ላይ አይደለም፤ ገብተን ምን እናያለን ነው።

እሄዳለሁ። ሞተሩ ሲያገሳ ማጨብጨቤም አይቀርም። ግን ግድግዳው ተነስቶ በሩ ሲዘጋ፣ እሷ እዚያው ውስጥ ናት። አንድ ቀን መርከቧ ወደ ባሕር ትወጣለች። ያኔ መቁጠሩ የኔ ተራ ነው።