ምክንያት መሆንና ጥፋተኛ መሆን

የዲናው መንግሥቱን የመጀመሪያ ልቦለድ፣ «ሰማይ የተሸከማቸው ውብ ነገሮች» ብለን ልንተረጉመው የምንችለውን፣ ብዙ ሰው የስደት መጽሐፍ ይለዋል። በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። ለኔ ግን ከስደት በፊት የሐዘን መጽሐፍ ነው።

በቀይ ሽብር ጊዜ ወታደሮች እነ ሴፋ ቤት ገብተው ሲፈትሹ የተማሪዎች በራሪ ወረቀት ያገኛሉ። ወረቀቱ የሴፋ ነው። አባቱ ግን የኔ ነው ብለው ይወስዱታል። ደብድበው ወሰዷቸው፤ አልተመለሱም። ከ17 ዓመት በኋላ ልጅየውን የምናገኘው ዋሽንግተን ዲሲ፣ ሎጋን ሰርክል፣ አቧራ በጠጣ ትንሽ ሱቅ ውስጥ ነው። ከኮንጎና ከኬንያ ከመጡ ጓደኞቹ ጋር የአፍሪካ አምባገነኖችን ስምና የመፈንቅለ መንግሥት ዓመት እየተጠያየቀ ያመሻል። ሕይወቱን ሆን ብሎ ያሳነሰ ይመስላል።

በሌላ ሰው ሞት የተረፈ ሰው ምን ዕዳ አለበት?

እኔ ፕሮግራመር ነኝ። ሲስተም ሲወድቅ ወደ ኋላ እየሄድን «የቱ ባይኖር ኖሮ አይወድቅም ነበር?» እንላለን። ሐዘንም እንደዚሁ ነው የሚያስበው። ወረቀቱን ባላመጣ ኖሮ። ቶሎ ሐኪም ቤት ብወስዳት ኖሮ። ስሌቱ ብዙ ጊዜ ልክ ነው። ለዛ ነው «አይዞህ፣ ያንተ ጥፋት አይደለም» የሚለው ማጽናኛ የማይገባልን።

ችግሩ፣ ይሄ ጥያቄ ምክንያትን እንጂ ጥፋተኛን አያገኝም። በዚህ አካሄድ አባትየው ያን ቀን ቤት መዋላቸውም ምክንያት ነው። ጥፋት ግን ፈቃድ ይፈልጋል። ሰው ለመግደል የፈቀዱት ወታደሮቹና የላኳቸው ናቸው።

ታዲያ ሴፋ ሸክሙን ለምን አያወርድም? እንደሚመስለኝ፣ ካወረደው አባቱንም የሚጥል ስለሚመስለው ነው። ጥፋተኝነት ከሟች ጋር የቀረች የመጨረሻ ገመድ ትሆናለች። ነገር ግን ሁሉንም በራሱ ላይ ሲጭን የአባቱን ውሳኔ ይሰርዘዋል። እሳቸው መርጠው ሰጡት፤ እሱ እንደ ብድር ቆጥሮ በየቀኑ ከራሱ ሕይወት እየቆረጠ ይከፍላል። ብድር ይመለሳል። ስጦታ ግን ይቀበሉታል እንጂ አይከፍሉትም። «ለሳቸው ስትል ደስ ብሎህ ኑር» ማለትም ያው ሌላ ክፍያ መጠየቅ ነው።

ስለዚህ ለቅሶ ቤት «እንዲህ ባደርግ ኖሮ» የሚል ሰው ስታገኙ ለማስተባበል አትቸኩሉ። «አዎ፣ ምናልባት ትተርፍ ነበር። አንተ ግን ያኔ ይህን አታውቅም ነበር» በሉት። ሁለቱም እውነት ነው። ሐዘንተኛም እውነት አይነፈግም።