ቃሉ የማይታመን ሠራተኛ

የላሊበላ አስጎብኚ እንጀራው መታመን ነው። ከቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ወደ ቤተ መርቆሬዎስ የሚያሻግረውን ጨለማ ዋሻ እንግዳው ያለ መብራት የሚያልፈው አስጎብኚው «ግድግዳውን እየዳሰሳችሁ ተከተሉኝ» ስላለው ነው። ዓይኑ ያላየውን የሚረግጠው በሰው ቃል ተማምኖ ነው።

ይህ አስጎብኚ እንቅልፍ አጣ፣ ሰውም ሸሸ እንበል። ሰበቡ ሩቅ አይደለም። ኮሮና በ2012 ዓ.ም. እንግዳውን አስቀረበት፤ በ2013 ማብቂያ የሰሜኑ ጦርነት ከተማው ገባ፤ በ2015 ማብቂያ ደግሞ በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተነሣ። «አሞኛል» ሲል ፊት ለፊት የሚሰማው መልስ «ሁላችንም አይተነው የለ እንዴ!» የሚል ነው። ከጀርባው ደግሞ «ወፈፍ አድርጎታል» ይባላል። የፊተኛው ሕመሙን ይክዳል፤ የኋለኛው ከሕመሙ በቀር ምንም አያስቀርለትም።

የኋለኛው ይከፋል። እንግሊዛዊቷ ፈላስፋ ሚራንዳ ፍሪከር እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ ሰውን በማንነቱ ምክንያት ቃሉን አለማመን ራሱን የቻለ በደል መሆኑን አስረድታለች። «ወፈፌ» የተባለ ሠራተኛ ያልተከፈለውን ደመወዝ ቢጠይቅ ጥያቄው የሕመሙ ይሆናል። ቢቆጣ ተነሣበት፣ ዝም ቢል ባሰበት ይባላል። ራሱን የሚከላከልበት ቃል ራሱ ማስረጃ ሆኖ ይቀርብበታል።

አሠሪው «የሰው ሕይወት የያዘ ሥራ እንዴት አምኜ ልስጠው?» ቢል ስጋቱ ከንቱ አይደለም። ግን እግሩ የተሰበረ አስጎብኚ ለጊዜው ተራራ ላይ ወዳለችው አሸተን ማርያም አይወጣም እንጂ ስለ ደመወዙ ሲናገር ማንም አይጠራጠረውም። የአንዱ ሕመም ሥራውን ለጊዜው ይገድባል፤ የሌላው ግን በሰውየው ላይ እስከ መጨረሻው ይፈርድበታል። ሕጉ ይህን ልዩነት አያውቅም። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን ጨርሶ ለታመመ ሠራተኛ እስከ 6 ወር ፈቃድ ሲሰጥ፣ የመጀመሪያውን ወር በሙሉ፣ ቀጣዩን 2 ወር በግማሽ ደመወዝ፣ የቀረውን ያለ ክፍያ አድርጎ ነው፤ እግር ወይስ አእምሮ ብሎ አልለየም። በሆቴል የተቀጠረው ይህ መብት አለው። ማስረጃውን ለአለቃው ለማቅረብ ግን ስሙን አደጋ ላይ መጣል አለበት። በግሉ የሚሠራው አስጎብኚ ደግሞ ከስሙ በቀር ዋስ የለውም።

የታመመን ሰው ቃል አለማመን «ባህላችን ነው» የሚለው ማመካኛም አያዋጣም። የአእምሮ ሕሙማን በሰንሰለት የሚታሰሩበት ጠበል መኖሩ አይካድም። ሆኖም እዚያው ጠበል ላይ የዳነው ሰው ቆሞ ሲመሰክር፣ ትናንት የሸሸው ጭምር ጆሮውን ይሰጠዋል። መታመሙ ምስክርነቱን ያከብደዋል እንጂ አያቀልለውም። ያው ሰው ሥራ ቦታው ሲመለስ ግን መታመሙን ይደብቃል።

ስለዚህ ለታመመ ሰው ቃሉን መመለስ ከውጭ የምንማረው ጥበብ አይደለም፤ ሥራ ቦታ ስንደርስ የምንነፍገው ነው። አሠሪ የታመመውን ከሚከብደው ሥራ ለጊዜው ሊያሳርፈው ይችላል። ስለ ራሱ የሚናገረውን ለመስማት ግን እስኪድን መጠበቅ የለበትም።