የይዋስፍ ጥያቄ

በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት፣ እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር በ1553 ዓ.ም.፣ እጨጌ ዕንባቆም ከዓረብኛ ወደ ግእዝ የመለሱት የበረላምና የይዋስፍ ታሪክ፣ ሊቃውንት ምንጩን መርምረው ከቡድሃ ታሪክ የተቀዳ መሆኑን ከደረሱበት ወዲህ ስለ አመጣጡ ብዙ ተጽፎለታል፤ ለወላጆች ስለሚሰጠው ምክር ግን እምብዛም ሲነገር አይሰማም። የህንዱ ንጉሥ፣ ልጁ መንግሥቱን ንቆ ክርስቲያን እንደሚሆን በትንቢት ስለ ሰማ፣ ደዌና እርጅና፣ ድኽነትና ሞት የሚባል ነገር ከጆሮው እንዳይደርስ፣ ያማረ ቤተ መንግሥት አሠርቶ፣ መልከ መልካም ጐልማሶችን ብቻ አገልጋይ አድርጎ ዘጋበት። ልጁም ካደገ በኋላ አባቱን ለምኖ ሲወጣ፣ ጠባቂዎቹ ሳያስተውሉ ቀርተው፣ አንድ ጊዜ ለምጻምና ዕውር፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ጥርሱ የረገፈ ጐባጣ ሽማግሌ አየ። ያን ጊዜ የጠየቀው እነዚህ ምስኪኖች እንዴት ይኖራሉ ብሎ አልነበረም፤ ይህ ነገር በሰው ሁሉ ላይ ይደርሳልን፣ በኔስ ላይ ይመጣልን ብሎ ነበር እንጂ።

ዛሬ በአሜሪቃና በኤውሮፓ የሚኖሩ ወገኖቻችን፣ ልጆቻቸው ረኀብን በስሙ እንጂ በሆዳቸው ሳያውቁት ማደጋቸው ሲያሳስባቸው፣ ትምህርት ቤት በሚዘጋበት ወራት ወዳገራቸው ይዘዋቸው ይመጡና፣ ክረምቱ ካጨቀየው መንደር አግብተው፣ ሰው እንዴት እንደሚኖር እዩ ይሏቸዋል። በአገሩ ዘመድ የሌለው ባለጸጋም በሪዮ ዴ ጃኔሮ የሮሲኛን፣ በሙምባይ የዳራቪን ጠባብ መንገድ፣ ለአስጎብኚ ከፍሎ ለልጁ ያሳያል። አሳቡ ክፉ አይደለም፤ ልጅን ከእውነት ሸሽጎ ማሳደግ የይዋስፍን አባት ስሕተት መድገም ነውና። ነገር ግን ከዚህ ሁሉ ጉብኝት የሚጠበቀው ፍሬ «ተመስገን፣ እኛ እንዲህ አይደለንም» የሚል ምስጋና ከሆነ፣ ይህን ጸሎት በቤተ መቅደስ ቆሞ ቀራጩን የናቀው ፈሪሳዊ ቀድሞ ጸልዮታል፤ ጸድቆም አልተመለሰ።

ማየት ብቻውን ልብን የሚያለዝብ ቢሆን ኖሮ፣ የሉቃስ ወንጌል የሚናገርለት ባለጸጋ ባልተኰነነ ነበር። አልዓዛር የወደቀው ከደጁ ነበርና ሲገባም ሲወጣም ያየዋል፤ በሲኦል ሆኖ በስሙ መጥራቱም ድኻውን ለይቶ ያውቀው እንደ ነበር ያስረዳል። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ግን፣ በዚያ ነበልባል ውስጥ ሆኖ እንኳ አልዓዛር ለአምስቱ ወንድሞቼ ማስተማሪያ እንዲሆናቸው ይላክልኝ ብሎ መለመኑ ነው። ድኻው በሕይወት ሳለ ፍርፋሪ የተነፈገው ሲሆን፣ ከሞተ በኋላም የባለጸጋ ቤተ ሰብ መምህር ሆኖ እንዲያገለግል ተፈለገ። አብርሃም ግን አልፈቀደም።

የጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ትምህርታችን በዚህ ረገድ ሌላ መንገድ ነበረው። የባላባት ልጅ ሳይቀር ከሞቀ ቤቱ ርቆ ሲሄድ፣ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ቁራሽ ይለምን ነበር። በዚያ ኑሮ ረኀቡ፣ እከኩና የውሻው ንክሻ ስንቱን ሕፃን እንዳሠቃየ ስለማውቅ፣ ይመለስ ብዬ አልመክርም። ሆኖም ያ ልጅ ድኽነትን ቆሞ አልተመለከተም፤ በደጅ ቆሞ የሚታየው እርሱ ነበር፤ የማታውቀው ሴት ከልጆችዋ አፍ ከፍላ የሰጠችውን እንጀራም በልቶ አድሯል።

ለተጓዥ ልጅ ለዚህ የሚቀርበው እንግድነት ይመስለኛል። ባንድ ክረምት ከዋሽንግተን የመጣች ልጅ ከወላጆችዋ ጋር መንዝ ገብታ፣ የአባትዋ አክስት የሆኑ ባልቴት በመደቡ ላይ አጎዛ አንጥፈው፣ እጅ አስታጥበው፣ የገብስ ቆሎ በሰፌድ ሲያቀርቡላት አይቻለሁ። አባትዋ እንዳትነካው በእንግሊዝኛ ሹክ አላት። (ውሃውን መፍራት ተገቢ ነው፤ በእሳት የታመሰ ቆሎ ግን በየትኛውም ሐኪም ትእዛዝ የሚከለከል አይመስለኝም።) ባልቴቷ ቋንቋውን ባይሰሙም ነገሩ ስለ ገባቸው፣ ሰፌዱን ቀስ ብለው ወደ ራሳቸው ሳብ ሲያደርጉ፣ አባትየው መግቢያ ጠፋው። ልጅቱ ግን ከአባትዋ ቀድማ እጅዋን ዘርግታ ዘገነች፤ ባልቴቷም በሳቅ እየፈነደቁ፣ ለመንገድዋ ሁለት እንቍላል በገለባ ጠቅልለው ሰጧት፤ ያን ቀን ለገበያ ሊያወጧቸው ያሰቡ እንደ ነበሩ ኋላ ጎረቤት ነገረን።

ስንመለስ በመኪና ውስጥ አባትየው፣ እንግዲህ ያለሽን አመስግኚ የሚል ተግሣጽ ሊጀምር ሲል፣ ልጅቱ አቋርጣው፣ «እማማ እኛ ቤት መቼ ነው የሚመጡት?» ብላ ጠየቀችው። እርሱም ጥቂት ዝም ብሎ፣ ቪዛ ምን እንደ ሆነ ያስረዳት ጀመር።