ጾመኛ ነኝ ያልሁበት ቀን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ት/ቤታችን ወንድሞችና እኅቶች፤ ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ሌላ ሰው ጥፋት ሳይሆን ስለ ራሴ ነው።

ባለፈው ዓመት በዐቢይ ጾም አንዲት የሰፈራችን እናት ስትወልድ ብዙ ደም ፈሰሳት። ባለቤቷ ከሐኪም ቤት መጥተው፣ «ለተሰጣት ደም ምትክ የሚሰጥ ሰው ይፈለጋል፤ ልጄ፣ እባክህ» ቢሉኝ፣ «ጋሼ፣ ጾመኛ ነኝ» አልኋቸው። እውነቱን ግን እግዚአብሔር ያውቀዋል፤ የፈራሁት መርፌውን ነበር። ሙስሊሙ ባለ ሱቅ ጎረቤታችን ይህን ሲሰሙ ሱቃቸውን ዘግተው ሄዱ። በዚያው ሰንበት ለሕፃናት የማስተምረው የደጉን ሳምራዊ ታሪክ ነበር (ሉቃ. 10)። ካህኑና ሌዋዊው አይተው ማለፋቸውን ስተርክ ድምፄ ተያዘብኝ።

በኋላ ደም ባንክ ሄጄ ስጠይቅ ያላሰብሁትን ተረዳሁ። የተለገሰ ደም ወዲያው ለበሽተኛ አይሰጥም። አስቀድሞ ዓይነቱ ይለያል፤ ከኤች አይ ቪ፣ ከጉበት ቫይረስና ከቂጥኝ ነፃ መሆኑም ይመረመራል። ደም የሚፈሳት እናት ግን ይህን ያህል መቆየት አትችልም። ስለዚህ ያችን እናት ያዳናት አስቀድሞ አንድ የማናውቀው ሰው ሰጥቶት በማቀዝቀዣ የጠበቃት ደም ነው። የባለ ሱቁም ደም ለሌላ ለማያውቁት በሽተኛ የሚሆን ነው። ጌታችን በተራራው ስብከቱ ምጽዋት በስውር ይሁን ብሎ ያስተማረን ከዚህ የተሻለ ምን ምሳሌ ይገኝለታል?

ደም በፋብሪካ አይሠራም፤ እንደ መናውም ተከማችቶ አይቆይም። ቀይ የደም ሕዋሳት በማቀዝቀዣ የሚቆዩት ከ35 እስከ 42 ቀን ነው። ደምን የሚያረጉት ፕላትሌቶች፣ ካንሰር ለታመሙ ሕፃናት የሚያስፈልጉት፣ 5 ቀን ያህል ብቻ ይቆያሉ። ስለዚህ የዛሬ ሰጪ ለነገ፣ የነገም ሰጪ ለከነገ ወዲያ ያስፈልጋል።

«እኔስ አልጎዳምን?» የሚል ይኖራል። ዕድሜው ከ18 እስከ 65 ዓመት፣ ክብደቱ 45 ኪሎ ግራምና ከዚያ በላይ የሆነ ጤነኛ ሰው በየ3 ወሩ መስጠት ይችላል። አንድ አዋቂ 5 ሊትር ያህል ደም አለው፤ የሚወሰደው ግማሽ ሊትር አይሞላም፤ ሰውነትም ይተካዋል። ከመስጠት በፊት መብላትና ውኃ መጠጣት ስለሚያስፈልግ፣ ባዶ ሆድ መሄድ አይገባም። እንግዲህ ጾም ቀጠሮ ለመለወጥ ምክንያት ይሆናል እንጂ ለመቅረት ምክንያት አይሆንም። የሚጠራጠር ቢኖር የነፍስ አባቱን ይጠይቅ።

ወገኖቼ፣ ክርስቶስ ደሙን ያፈሰሰው ለወዳጆቹ ብቻ አይደለም፤ ገና ኃጢአተኞች ሳለን ስለ እኛ ሞቷል (ሮሜ 5)። የእኛ ስጦታ ከእርሱ ቤዛነት ጋር አይነጻጸርም። ነገር ግን ቅዱስ ደሙን የምንቀበል ሰዎች ለወንድማችን ግማሽ ሊትር የማይሞላ ደም ብንነፍግ ምን መልስ አለን?

እኔ ከትንሣኤ በኋላ ሄጄ ሰጠሁ። የመርፌው ሕመም ለቅጽበት ነበር፤ «ጾመኛ ነኝ» ያልሁት ግን እስከ ዛሬ ያመኛል። ስለዚህ 18 ዓመት የሞላን አባላት ስማችንን አስመዝግበን፣ ከፍስክ ቀናት በአንዱ አብረን እንድንሄድ አሳስባለሁ። ጎረቤት በር እስኪያንኳኳ አንጠብቅ።

እግዚአብሔር በቃል ብቻ ሳይሆን በሥራም የምንዋደድ ያድርገን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።